አማቴ በጤና አዳም ያሹታል፣ እኔ ተደብቄ ክሬም እቀባዋለሁ

ጥያቄ፦

ሰላም ለእርስዎ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የ29 ዓመት ሴት ነኝ። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ልጃችን ስምንት ወሩን ይዟል። ሦስት ወር ሲሞላው ጉንጩ መቅላት ጀመረ። ቀስ እያለ ክርኑና የጉልበቱ ጀርባ ላይም ወጣ። ቆዳው ሲነካ ሻካራ ነው። አንዳንዴ ይላጥና ያዥበታል። ሌሊት ፊቱን ከትራሱ ጋር ሲያሽ ያድራል። እኛም አብረነው እናድራለን።

የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ አማቴ ከደብረ ማርቆስ መጡልን። እውነቱን ለመናገር እሳቸው ባይመጡ ኖሮ ሥራዬን እለቅ ነበር። ልጁን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚያዩት። ችግሩ «ቆዳውን እኔ አድነዋለሁ» ብለው መነሳታቸው ነው። ጤና አዳም በእጃቸው ጨፍልቀው ያሹታል። ፌጦ ወቅጠው በቅቤ ለውሰው ይለጥፉበታል። ልብሱን ከአገር ቤት ባመጡት እንዶድ ያጥባሉ። ከዚያ በረንዳ ላይ ፀሐይ ያሞቁታል። ባለፈው ሳምንት ክንዱ ቀልቶ ውኃ ቋጠረ፤ አሁን ጥቁር መስመር ሆኗል። እሳቸው «መርዙ እየወጣለት ነው» አሉ። ሌላ ጊዜ «የሰው ዓይን ነው» ይላሉ። ሲብስባቸው ደግሞ «በርበሬ ስለምታበዢ ወተትሽ ነው» ይሉኛል። ይሄኛው በጣም ያመኛል።

ለባለቤቴ ስነግረው «እኔም በዚሁ ነው ያደግኩት፤ እናቴን እንዳታስቀይሚያት» ይለኛል።

እኔም የደበቅኩት ነገር አለ። የጎረቤቴ ልጅ ድኖበታል የተባለ ክሬም ከፋርማሲ ገዝቼ፣ ማታ እሳቸው ሲተኙ ፊቱን እቀባዋለሁ። ሁለት ወር አልፎኛል። ስቀባው ይጠፋል፣ ሳቆም ይመለሳል። ጠዋት ፊቱ ጥርት ብሎ ሲያዩት አማቴ «አየሽ፣ ጤና አዳሜ ሠራ!» ይላሉ። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ?

ተፈጥሯዊው ነው የሚሻለው ወይስ መድኃኒቱ? እሳቸውንስ ሳላስቀይም እንዴት ላስቁማቸው?

የተጨነቀች እናት

መልስ፦

እህቴ፣ «ጤና አዳሜ ሠራ» የምትለዋ ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ አንጀቴን በላሽው። ቀን ሥራ፣ ሌሊት የማይተኛ ልጅ፣ መሃል ላይ በጨለማ ክሬም መቀባት። እንቅልፍ ያጣ ሰው ትንሿም ነገር ተራራ ትሆንበታለች። በራስሽ አትፍረጂ።

አስቀድሜ አንድ ሸክም ላውርድልሽ። ወተትሽን ጥፋተኛ አታድርጊው፤ ማጥባትሽንም ቀጥዪ። የገለጽሽው ነገር ችፌ የምንለውን ይመስላል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ልጁንም አላየሁትም፤ ማረጋገጡ የሐኪም ሥራ ነው። ችፌ ግን ብዙውን ጊዜ በዘር የሚመጣ ነው። የቆዳው የላይኛው ሽፋን ሲፈጠርም ስስ ነው፤ ርጥበት አይዝም፣ የሚያስቆጣውንም ነገር በቀላሉ ያስገባል። አስም ወይም አለርጂ ባለበት ቤተሰብ ይበዛል። እስቲ ልጠይቅሽ፤ በአንቺ ወይም በባለቤትሽ ወገን አስም ያለበት አለ? «ሳይነስ አለብኝ» እያለ ጠዋት ጠዋት የሚያስነጥስስ? ይህቺን ጥያቄ ያዥልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

አሁን ወደዚያ ጥቁር መስመር።

ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል ሲደረግ ነፍስ ይዘራል። እኔም ያለሱ ቡና አይጥመኝም። ቆዳ ላይ ግን ሌላ ጠባይ ያወጣል። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል። ተንኮሉ ደግሞ ያን ቀን ምንም አለማሳየቱ ነው። የሚቀላውና ውኃ የሚቋጥረው በማግሥቱ ወይም በሠልስቱ ነው። ስለዚህ ቅጠሉን ማንም አይጠረጥረውም። ሲድን ቦታው ይጠቁራል፤ ብዙ ጊዜም ጭማቂው የፈሰሰበትን ወይም ጣት ያለፈበትን መስመር ይዞ ነው። የልጅሽ ክንድ ላይ የወጣው ይህንኑ በጣም ይመስላል። የሚወጣ መርዝ የለም። ጥቁረቱ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል እንጂ በራሱ እየደበዘዘ ይሄዳል።

ሎሚም ያው ነው። ይህንን የተማርኩት በገዛ አንገቴ ነው። ስምንተኛ ክፍል ሆኜ ቋቁቻ ወጣብኝ። አንዲት ዘመዳችን ሎሚ ለሁለት ቆርጠው አንገቴን ፈተጉኝ። ያን ቀን ስፖርት ነበረን፤ ሜዳ ላይ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን አንገቴ እንደተጠበሰ ነገር ሆነ። ሁለት ወር ሙሉ በዚያ ሙቀት ሻርፕ ጠምጥሜ ነው ትምህርት ቤት የተመላለስኩት። ቋቁቻው? እሱማ እዚያው ነበር።

ፀሐይ ማሞቁን ግን እንዳትከለክያቸው። ለአጥንቱ የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ዲ ሰውነቱ የሚሠራው በፀሐይ ነው፤ እዚህ ላይ አማትሽ ትክክል ናቸው። የጠዋቷ ለስላሳ ፀሐይ ትበቃዋለች። ጤና አዳምም ሎሚም ያልነካው ገላ ይሁን፣ በቃ።

ፌጦ ደግሞ የሰናፍጭ ዘመድ ነው። ሲወቀጥ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ነገር፣ ቆዳንም የሚያቃጥለው እሱ ነው። የአዋቂ ጤነኛ ቆዳ ይችለው ይሆናል። የተላጠ የሕፃን ቆዳ አይችለውም። ጥሬ ቅቤውም ቢሆን ለጀርም ጥሩ ማደሪያ ነው፤ ለራስሽ ፀጉር አቆዪው። ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርት እንዳይመጣብሽ እፈራለሁ። ከመጣ አይሆንም በዪ፤ እውነተኛ የቃጠሎ ቁስል ነው የሚያወጣው። ማርም እንዲሁ ይቅር። የተቀባ እጁን መላሱ አይቀርም፤ አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ ደግሞ ማር በአፉ መግባት የለበትም።

እንዶድ ላይ ትንሽ ልቁም፤ ስለምወደው ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣ የሚያስተላልፈውን ቢልሃርዝያን በእንዶድ ለመከላከል ያደረጉት ምርምር የተነሳው ከዚያ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተውበታል። የሚያኮራ ተክል ነው። ግን አስቢው፤ ቀንድ አውጣ የሚገድል ሳሙና ነው። ልብሱ ላይ ከቀረ የልጁን ቆዳ ያስቆጣዋል። ሽታ የሌለው ሳሙና ይሻላል። የግድ በእንዶድ ይታጠብ ካሉ ደጋግሞ ይለቅለቅ። በነገራችን ላይ የሱቁ ኦሞም ካልተለቀለቀ ከዚህ አይሻልም።

እስካሁን አማትሽን ብቻ ስወቅስ ቆየሁ። አሁን ወዳንቺ ልምጣ።

የቀባሽው ቀን ጠፍቶ ስታቆሚ የሚመለስ ክሬም ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ የሚባል፣ የቆዳን መቆጣት የሚያበርድ መድኃኒት ያለበት ነው። እስቲ ካርቶኑን አውጪና አንብቢው። ክሎቤታሶል ይላል? ቤታሜታሶን? ክሎቤታሶል ከኃይለኞቹ ሁሉ ኃይለኛው ነው፤ ቤታሜታሶንም ቀላል አይደለም። ለሕፃን ፊት የሚሆኑ አይደሉም። አንዳንዱ ክሬም ደግሞ ስቴሮይድ፣ የፈንገስ መድኃኒትና አንቲባዮቲክ ባንድ ላይ የተደባለቀበት ነው። እንዳትደነግጪ። ስቴሮይድ ጠላት አይደለም፤ ሐኪም ዓይነቱን፣ መጠኑንና ቀኑን ለክቶ ሲያዘው ለችፌ ዋናው መድኃኒት እሱ ነው። ሃይድሮኮርቲዞን የሚባለው ለዘብተኛው ለሕፃናትም ይታዘዛል። ችግሩ ያለ ልክ ሲሆን ነው። ለወራት ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል፤ በሕፃን ቆዳ በኩል ደግሞ ከአዋቂ ይልቅ በዝቶ ወደ ሰውነት ይገባል። ስለዚህ መጠን አትጨምሪ፣ ሌላም አትግዢ። ሁለት ወር ከተቀባ በኋላ በአንዴ ሲቆም ሊብስበት ስለሚችል፣ እንዴት እንደሚቆም ሐኪም ይንገርሽ። በዚህ ሳምንት ውስጥ ውሰጂው።

«ተፈጥሯዊው ወይስ መድኃኒቱ?» ላልሽው፣ እንግዲህ አየሽው። ቅጠሉም አቃጠለው፣ የፋርማሲውም ክሬም መዘዝ አለው። እኔ ብሆን ከየት መጣ ብዬ ሳይሆን፣ የተላጠ ቆዳ ሲነካ ምን ያደርጋል ብዬ ነበር የምጠይቀው።

በዚህ ሚዛን ቆሞ የሚያልፍ የቤት ነገር አለ። አንደኛው አጃ ነው። አዎ፣ አጥሚት የምናደርገው አጃ። የሚያሳክክ ቆዳን በማስታገስ የታወቀ ነው። ስኳርና ማጣፈጫ የሌለበትን አጃ በሚክሰር እንደ ዱቄት አልሚው። አንድ ማንኪያ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨምረሽ ስታማስዪው ውኃው እንደ ወተት ከነጣ ልሟል። ሥር ከዘቀጠ መልሰሽ ፍጪው። ከዚያ አንድ የቡና ስኒ ያህሉን የልጁ መታጠቢያ ውስጥ በትኝ፤ ወይም በንጹህ ነጠላ ቁራጭ ቋጥረሽ ውኃው ውስጥ ጨምቂው። ውኃው ለብ ያለ ይሁን፤ በክርንሽ ለኪው። ሙቅ ውኃ ማሳከኩን ያብሰዋል። አምስት ደቂቃ፣ ቢበዛ አሥር። አጃ ያሙለጨልጫል፤ ልጁን አጥብቃችሁ ያዙት። መጀመሪያ ክንዱ ላይ ትንሽ ቦታ ሞክሩና አንድ ቀን ጠብቁ። ለማንኛውም አዲስ ነገር እንዲሁ አድርጊ።

ከገላው ሲወጣ ፎጣውን ጫን ጫን አድርጋችሁ አድርቁት እንጂ አትፈትጉት። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ ቫዝሊን። ሽታ የሌለው ተራው ቫዝሊን። ያ ባለ ሽታው የሕፃን ቫዝሊን ደስ ይላል፤ ለችፌ ግን ሽቶው ነው ጠላቱ። ቀን ላይም ቆዳው በደረቀ ቁጥር ድገሙት። ርካሽና አሰልቺ ምክር መሆኑን አውቃለሁ። ለችፌ ከዚህ የሚበልጥ የቤት ውስጥ ሥራ ግን አላውቅም። የወይራ ዘይት ልቀባው ካልሽ ይቅርብሽ፤ ስሙ ትልቅ ነው እንጂ እንዲህ ያለውን ሽፋን ያዳክማል። የኮኮናት ዘይት ይሻላል።

እሬትስ ትዪኝ ይሆናል። የአገራችን እሬት ብዙ ዓይነት ነው፤ ግቢ ውስጥ የበቀለው ሁሉ አሎ ቬራ አይደለም። ቅጠሉ ሲቆረጥ ቀድሞ የሚወጣው ቢጫ መራራ ፈሳሽ፣ ያ ጡት ለማስጣል የሚቀባው፣ ቆዳ ያስቆጣል። መሃሉ ላይ ያለው ነጭ ዝልግልግ ነው የሚያቀዘቅዘው። ፀሐይ ያቃጠለው አዋቂ ይቀባው። ለሕፃን፣ ያውም ለተላጠ ቆዳ፣ እኔ አልደፍርም።

ልብሱ ጥጥ ይሁን። ሹራብ ቆዳውን በቀጥታ አይንካው። ብርድ እንዳይመታው ተብሎ ሦስት ድርብ ከተጠቀለለ ያልበውና ሌሊቱን ሁሉ ሲታከክ ያድራል። ጥፍሩን አሳጥሪው።

አሁን ከባዱ፤ አማትሽ።

አንድ ነገር ታዝቤያለሁ፣ አትቀየሚኝ። ጤና አዳሙን እያስመሰገንሽው ያለሽው አንቺው ነሽ። ማታ የምትቀቢውን ክሬም እስከደበቅሽ ድረስ እሳቸው የሚያዩት የቅጠላቸውን ውጤት ነው። ዓይናቸው ያየውን ተዉ ብትያቸው እንዴት ይተዋሉ? እኔ ብሆን መጀመሪያ የራሴን እናዘዝ ነበር። ቡና ላይ፣ ቀስ ብለሽ፦ «እማዬ፣ አንድ ነገር ደብቄዎት ከበደኝ። ማታ ማታ ክሬም እቀባዋለሁ። እሱም ልክ ሳይሆን አይቀርም፤ ፈርቻለሁ።» እንዲህ ስትዪ ከሳሽና ተከሳሽ አይኖርም። ሁለታችሁም ለአንድ ልጅ ስትሉ የተሳሳታችሁ ሴቶች ትሆናላችሁ።

ከዚያ ያቺን ያስያዝኩሽን ጥያቄ ጠይቂያቸው። «ልጅዎ ሕፃን ሳለ እንዲህ ወጥቶበት ነበር? ከቤተሰቡ አስም ያለበት ነበር?» ባለቤትሽ «በዚሁ ነው ያደግኩት» ያለው ምናልባት እሱም ችፌ ስለነበረበት ይሆናል። ይህን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሐኪሙም የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው። ለባለቤትሽም የሚሆን ሥራ አለ። «እናቴን እንዳታስቀይሚ» ማለት ቀላል ነው። እንግዲያው እሱ ራሱ ይንገራቸው። ከልጅ የመጣ ቃል ከምራት ከመጣ ቃል ይልቅ ይለሰልሳል። ትንሽ ኮስተር ብለሽ ጠይቂው፤ ይገባሻል።

እጃቸውን ግን ከልጁ ላይ አታንሺ። እሳቸው ማሸት፣ መቀባት፣ ማዳን ነው የሚፈልጉት። የአጃውን ገላ ለእሳቸው ስጫቸው። ቫዝሊኑንም እሳቸው ይቀቡት። ቀን የሚውሉት እሳቸው ስለሆኑ ያለ እሳቸው ይሄ ነገር አይሠራም። ጸበል ልውሰደው ካሉም አትከራከሪ፤ እንዳይበርደው አድርጉ፣ ከዚያ ቶሎ አድርቃችሁ ቫዝሊኑን ቀቡት።

አንድ ነገር ላይ ግን እንዳትለሳለሺ። ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው፣ እሳቸውም ሆኑ ሌላ እንግዳ፣ ልጁን እንዳይስም። ያ የከንፈር ምች ተላላፊ ነው። ችፌ ባለበት ሕፃን ቆዳ ላይ ካረፈ በፍጥነት ይስፋፋል፣ አደገኛም ይሆናል። ከንፈራቸውን ዳማከሴ ይቀቡ ግድ የለም፤ ጉንጩን ግን ደርቆ እስኪድን ይተዉለት። ድንገት ተመሳሳይ ጥቃቅን ውኃ የቋጠሩ ቁስሎች ተሰብስበው ከወጡበት፣ ትኩሳት ከያዘው፣ ቢጫ ቅርፊት ወይም መግል ካየሽ፣ ወይም ጡት እምቢ ካለ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ የዚያኑ ቀን ይታይ።

ሌላም ላጣራ። እናንተስ ሌሊት ሌሊት ታካላችሁ? በጣቶቻችሁ መሃል? ከሆነ ነገሩ እከክ ሊሆን ይችላል። ያኔ መታከም ያለበት ልጁ ብቻ አይደለም፤ ቤቱ በሙሉ ነው።

መጀመሪያ ቅርባችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ሂዱ። ካስፈለገ ወደ ቆዳ ሐኪም ይልኳችኋል፤ አለርት ሆስፒታል በዚህ የታወቀ ነው። ደሴ አካባቢ ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ ደግሞ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አለላችሁ። ልጅሽ ዘጠኝ ወር ሲሞላው የኩፍኝ ክትባት አለው፤ ችፌ አለበት ብላችሁ እንዳትዘሉት። ለቆዳው ግን እስከዚያ አትጠብቂ።

ስትሄጂ አማትሽን ይዘሻቸው ሂጂ። «ሐኪሙ እንዲህ አለ» ብለሽ ከምታወሪላቸው እሳቸው በጆሮአቸው ይስሙት። አንቺ ክሬሙን ከነካርቶኑ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ። እሳቸውም የሚቀቡትን ሁሉ ይዘው ይምጡ፤ ሐኪሙ የሁለታችሁንም ይይላችሁ። ስትመለሱ ቡና አፍሉና ያቺን ጤና አዳም ስኒው ላይ ጣል አድርጓት።